ሰው ሲያልቅ ገበሬ ነጻ ይወጣል? ከጥቁሩ ሞት በኋላ የእንግሊዝና የፖላንድ ገበሬ

ጠመኔ (ሐሙስ፣ ምሽት 2፡10)

ጤና ይስጥልኝ። የአሥራ አንደኛ ክፍል የታሪክ መምህር ነኝ። ዛሬ ስለ ጥቁሩ ሞት ሳስተምር ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት ሁላችንም የተማርነውን ነው። ወረርሽኙ በኦክቶበር 1347 በመርከብ ወደ ሲሲሊዋ መሲና ገባ፤ በ1348 እንግሊዝ ደረሰ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአውሮፓ ሕዝብ ሲሶውን፣ ምናልባትም ግማሹን ፈጀ። የሚሠራ እጅ ጠፋ፣ የጉልበት ዋጋ ወጣ፣ ገበሬው ከጌታው ቀንበር ተላቀቀ። ጨርሼ የእጄን አቧራ ሳራግፍ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ የሰው ማነስ ገበሬውን ነጻ የሚያወጣው ከሆነ፣ ፖላንድና ሩሲያ ውስጥ ከዚያ በኋላ ለምን ይበልጥ ታሰረ?»

ደወሉ አዳነኝ። ለማክሰኞ መልስ ይዤ እመጣለሁ ብዬ ወጣሁ። እንግዲህ አራት ቀን አለኝ። ዓመታቱን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

ሚዛን (ሐሙስ፣ ምሽት 3፡05)

መምህር፣ መልሱ የሂሳብ ነው። ሰው ካነሰ ዋጋው ይወደዳል። ጌቶቹ ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ በእንግሊዝም ቢሆን ገበሬውን ለማሰር ሞክረዋል። ንጉሥ ኤድዋርድ ሦስተኛ ሬሳው ተቀብሮ ሳያልቅ፣ በ1349፣ ትእዛዝ አወጣ። ዕድሜው ከ60 በታች የሆነ፣ ጤና ያለውና የራሱ መተዳደሪያ የሌለው ወንድም ሴትም የተሰጠውን ሥራ እንዲቀበል፣ ዋጋውም በ1346 ገደማ ከነበረው እንዳያልፍ ተደነገገ። በ1351 ፓርላማው ዝርዝሩን ተመነ። ድርቆሽ ለሚሰበስብ በቀን 1 ፔኒ (የእንግሊዝ ሳንቲም ነው፤ ሲበዛ ፔንስ ይባላል)፤ ለአጫጅ በኦገስት የመጀመሪያ ሳምንት 2 ፔንስ፣ ከዚያ በኋላ 3 ፔንስ። ምግብም መጠጥም ሳይጨመር!

ታዲያ ሕጉ ለምን ከሸፈ? አጫጅ ያጣ ጌታ እህሉ ማሳ ላይ ሲረግፍ ቆሞ ማየት አልሆነለትም። የጎረቤቱን ሠራተኛ በስውር ጨምሮ ከፍሎ ወሰደ፤ ጎረቤቱም እንዲሁ አደረገበት። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የአንድ የግንባታ ሠራተኛ የቀን ገቢ ከወረርሽኙ በፊት ከነበረው እጥፍ ያህል እህል ይገዛ ነበር። በፓርላማ ሕግ የሚያወጡትና በማሳ ላይ ሕግ የሚያፈርሱት አንድ ዓይነት ሰዎች ነበሩ።

አቦል (ሐሙስ፣ ምሽት 3፡20)

ጠዋት «ከ3 ፔንስ በላይ የሚከፍል ይቀጣ» ብሎ እጁን ያወጣል፤ ማታ ፋኖስ ይዞ የጎረቤቱን አጫጅ ይለምናል። እኔ ይህን ሰውዬ አውቀዋለሁ፤ ስሙ ብቻ ጠፋኝ።

ብራና (ሐሙስ፣ ምሽት 4፡40)

ሚዛን ልጄ፣ ሂሳብህ ትክክል ነው፤ የልጅቷን ጥያቄ ግን አልመለስክም። የሰው ማነስ በሁለቱም ቦታ ነበረ። ባለ አንድ ክንድ ሚዛን ይዘህ ነው የመጣኸው።

አስቀድሜ ስለ ቃል ላንሳ። የመሬት ክርክር ይዤ ያረጀሁ ጠበቃ ነኝና ቃል ሲላላ ያመኛል። ያንን የእንግሊዝ ገበሬ «ጭሰኛ» ብለው የተረጎሙ መጻሕፍት አይቻለሁ። ጭሰኛ የሰው መሬት በእኩል ወይም በሲሶ የሚያርስ ነው፤ ሲከፋው ጓዙን ጠቅልሎ መሄድ ይችላል፤ ባለመሬቱም ሲከፋው ያባርረዋል። «ገባር»ም አይሆንም፤ ገባር የራሱ ርስት ኖሮት ግብር የሚገብር ሊሆን ይችላል። የእንግሊዙ ቪሌይን ግን ከመሬቱ ጋር የተሰፋ ሰው ነው። ሲወለድ ጀምሮ የጌታው ነው። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን የጌታውን ሁዳድ ያርሳል፤ ልጁን ሲድር ይከፍላል፤ ሲሞት ከከብቶቹ ምርጡ ለጌታው ይነዳል፤ እህሉን በጌታው ወፍጮ ካልሆነ በሌላ አያስፈጭም። ከሁሉም በላይ ጌታውን በንጉሡ ፍርድ ቤት ስለ መሬቱ መክሰስ አይችልም። ቢሄድ፣ «ይህ የጌታህ ችሎት ጉዳይ ነው» ተብሎ ይመለሳል። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ያዙልኝ። ነገ እመለስባታለሁ፤ ዓይኔ ደክሟል።

ጠመኔ (ዓርብ፣ ጠዋት 1፡30)

ጋሼ ብራና፣ እናመሰግናለን። እስከ ማታ ልጠብቅ ማለት ነው። እስከዚያው አንድ ነገር ልጠይቅ፦ የ1381ዱ የእንግሊዝ ገበሬዎች አመጽ በዚህ ታሪክ ውስጥ ምን ሚና አለው? መጽሐፋችን በሁለት መስመር ያልፈዋል።

ሚዛን (ዓርብ፣ ቀን 6፡15)

ሁለት መስመር ይበቃዋል፤ ከሽፏል። ምክንያቱ የነፍስ ወከፍ ግብር ነው። በ1377 ከ14 ዓመት በላይ ያለው ሁሉ 4 ፔንስ ከፈለ። በ1380 መጨረሻ ፓርላማው ወደ 12 ፔንስ አሳደገው፤ ሦስት እጥፍ መሆኑ ነው። በመጀመሪያው ዙር ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ሰው ከፍሎ ነበር፤ በመጨረሻው ዙር መዝገቡ ላይ የተገኘው ወደ 900 ሺህ ብቻ ነበር። በአራት ዓመት ገደማ ሲሶው ሕዝብ ተነነ! መርማሪ ሲላክ ኤሴክስ ውስጥ ብሬንትዉድ ላይ በሜይ 30 ቀን 1381 ረብሻ ተነሳ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሎንዶን ነደደች፤ በጁን 15 መሪው ዋት ታይለር በስሚዝፊልድ ተገደለ። ያለቀ ጉዳይ ነው። ገበሬውን ነጻ ያወጣው የጉልበት ዋጋ እንጂ የታይለር ጎራዴ አይደለም።

ወለላ (ዓርብ፣ ቀን 8፡00)

ሚዛን፣ «ተነነ» ያልከው ሰው ማን እንደነበረ አይተሃል? ከመዝገቡ የጠፉት በብዛት ያላገቡ ሴቶች ናቸው። እህት፣ ልጅ፣ አገልጋይ፣ መበለት። የቤቱ አባወራ ለግብር ሰብሳቢው «እኔና ሚስቴ ብቻ ነን» እያለ ሌሎቹን ይደብቅ ነበር። አንዳንዱ መንደር በመዝገቡ ሲታይ ሴት ልጅ የተባለች ያልተወለደችበት ይመስላል።

አመጹም የወንድ ብቻ አልነበረም። የፍርድ ቤት ክስ መዝገብ ላይ የኬንቷ ጆሃና ፌረር ከዋና መሪዎቹ አንዷ ተብላ ተከሳለች፤ የላንካስተሩን መስፍን የሳቮይ ቤተ መንግሥት በማቃጠልና ሊቀ ጳጳስ ሳይመን ሰድበሪን በማስገደል። ካምብሪጅ ውስጥ ደግሞ ማርጀሪ ስታር የተባለች አሮጊት የዩኒቨርሲቲው ሰነዶች በገበያው መሀል ሲነዱ አመዱን ወደ ነፋሱ እየበተነች «የጸሐፊዎች እውቀት ይጥፋ! ይጥፋ!» ብላ ጮኸች ይባላል። እኔ ማወቅ የምፈልገው ወረቀት ለምን እንዳቃጠሉ ነው። ጎተራ አይሻልም ነበር? የተራበ ሰው ጎተራ ነው የሚሰብረው።

ብራና (ዓርብ፣ ምሽት 3፡30)

ልጄ ወለላ፣ ጥያቄውን ከሁላችንም የተሻለ ያነሳሽው አንቺ ነሽ።

የተራቡ አልነበሩም። ነገሩ የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቹ መሪዎች ከወረርሽኙ በኋላ ትንሽ የተሻላቸው፣ መሬት የጨመሩ፣ በመንደራቸው ዳኛና ሹም ሆነው ያገለገሉ ገበሬዎች ነበሩ። ደህና እየኖረ ሳለ በወረቀት ላይ ግን አሁንም «ቪሌይን» ተብሎ የተጻፈ ሰው ነው ያመጸው። በጁን 14 ከሎንዶን ወጣ ብሎ ማይል ኤንድ ላይ የ14 ዓመቱን ንጉሥ ሪቻርድ ሁለተኛን ሲያገኙት ዳቦ አልጠየቁትም። ቪሌይንነት ይቅር፣ መሬት በኤከር በ4 ፔንስ ኪራይ ይሰጠን አሉ። ቃል ብቻ አልበቃቸውም፤ የንጉሡ ጸሐፊዎች የነጻነት ደብዳቤ እየጻፉ ማኅተም እስኪያደርጉላቸው ጠበቁ። በየአገሩ ደግሞ የጌታውን የችሎት መዝገብ እየፈለጉ አቃጠሉ፤ ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን ስንት ቀን እንደሚያርስ የተጻፈበት ብራና ያ ነውና።

ስለ ቅዱስ አልባንስ ገዳም ካልነገርኳችሁ አልተኛም። በ1330ዎቹ የዋሊንግፎርዱ ሪቻርድ የተባለ አበምኔት ነበረ፤ ታላቅ የሥነ ፈለክ ሊቅ፣ እጹብ ድንቅ ሰዓት የሠራ። ይኸው ሊቅ የከተማው ሰው በገዳሙ ወፍጮ ብቻ እንዲያስፈጭ ብሎ የእጅ ወፍጮዎቻቸውን በሙሉ ወረሰና ድንጋዮቹን በገዳሙ ውስጥ ወለል አድርጎ አነጠፋቸው። መነኮሳቱ ሲወጡ ሲገቡ በሕዝቡ ወፍጮ ላይ ይረማመዱ ነበር። ሃምሳ ዓመት ያህል አለፈ። የወፍጮዎቹ ባለቤቶች ሞቱ። በጁን 1381 የልጅ ልጆቻቸው ገዳሙ ገብተው ወለሉን ፈነቀሉት፤ ድንጋዩን ሰባብረው ቁራጭ ቁራጩን ተካፈሉ፤ በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ እንደሚታደል የተባረከ ዳቦ። ይህን የጻፈው የገዳሙ የራሱ መነኩሴ ነው፤ ይጠላቸው ነበር፤ ግን ጻፈው። የተሰበረ ድንጋይ አይፈጭም። ይዘውት የሄዱት ለማስረጃ ይመስለኛል።

ንጉሡ በጁላይ መጀመሪያ ደብዳቤዎቹን ሁሉ ሻረ። ሰባኪው ጆን ቦል በጁላይ 15 እዚያው ቅዱስ አልባንስ ተሰቅሎ ተቆራረጠ። «አዳም ሲቆፍር ሔዋን ስትፈትል፣ ያኔ መኳንንቱ ማን ነበር?» እያለ ይሰብክ የነበረው እሱ ነው።

አቦል (ዓርብ፣ ምሽት 3፡50)

በእናንተ ምክንያት ዛሬ የእናቴን ቤት ወለል ሳየው ነው ያመሸሁት።

ባልቲክ (ቅዳሜ፣ ጠዋት 4፡00)

ክሩን ዘግይቼ አየሁት። ግዳንስክ ውስጥ ሁለት ዓመት ተምሬያለሁ፤ ስለ ፖላንዱ ግማሽ እኔ ልሞክር።

ግዳንስክ ወንዙ ዳር በ1440ዎቹ የተሠራ፣ በ1945 ከተቃጠለ በኋላ የታደሰ አንድ ግዙፍ የእንጨት ዕቃ ማንሻ አለ። ሆዱ ውስጥ ትልልቅ መንኮራኩሮች አሉ፤ ሰዎች በውስጣቸው እየተራመዱ ጭነቱን ያነሱ ነበር። ብርድ ሲበዛብኝ እዚያ ሥር እጠለል ነበርና ሁልጊዜ የማስበው ሰው ስለ መርገጡ ነው። የፖላንድ ታሪክ በዚያ ወንዝ ወረደ። ከ1466 የሰላም ስምምነት በኋላ የቪስቱላ ወንዝ እስከ ባሕሩ ድረስ በፖላንድ ንጉሥ ሥር ሆነ። ላይኛው አገር የሚታረሰው አጃና ስንዴ በጀልባ ወርዶ፣ ከግዳንስክ በመርከብ ወደ አምስተርዳም ሄደ። ከተሞቹ የበዙት ምዕራብ አውሮፓ እህል ፈለገ፤ የፖላንዱ መኳንንት ሁዳዱን አሰፋ። መሬት ሞልቷል፤ ሰው ግን ጥቂት ነው። እንግሊዝ ውስጥ ጌታው ሰው ሲያጣ ደመወዝ ጨመረ። እዚህ ግን መውጫውን ዘጋ። በ1496 የፒዮትርኩፍ ሕግ ከአንድ መንደር በዓመት ከአንድ ገበሬ በላይ እንዳይለቅ ከለከለ። በ1520 ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን በነጻ ማረስ ግዴታ ሆነ፤ በኋላ ቀኑ እየተጨመረ ሄደ።

ለምን ተቻላቸው? ንጉሡ ለጦርነት ገንዘብና ሰው በፈለገ ቁጥር መብት ይሸጥላቸው ስለነበር ነው። በ1454 ኒዬሻቫ ላይ ያለ አውራጃ ጉባኤዎቻቸው ፈቃድ አዲስ ግብር እንደማይጥል፣ እንደማያዘምት ማለላቸው። ከዚያ በ1518 ንጉሥ ዚግሙንት ቀዳማዊ በመኳንንት መሬት ላይ የሚኖር ገበሬ በጌታው ላይ የሚያቀርበውን አቤቱታ መስማት ተወ።

ጋሼ ብራና፣ ያዙልኝ ያሉትን ነገር ይዤልዎታለሁ።

ብራና (ቅዳሜ፣ ጠዋት 5፡10)

ተባረክ። በቃ፣ የልጅቷ መልስ እሱ ነው። የእንግሊዙ ቪሌይን ከአመጹ በኋላ በአዋጅ ነጻ አልወጣም። ቪሌይንነትን የሚሽር ሕግ ማንም አላወጣም። ቀስ በቀስ ግን ጌታው ሁዳዱን ራሱ ማሳረስ አላዋጣ ብሎት ማከራየት ጀመረ፤ የሳምንቱ እርሻ ወደ ገንዘብ ተለወጠ፤ ገበሬው መሬቱን የሚይዘው በጌታው ችሎት መዝገብ ላይ በተጻፈው መሠረት ሆነና የዚያን ጽሑፍ ግልባጭ በእጁ ይሰጡት ጀመር። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የንጉሡ ቻንስለር ችሎት ግልባጩን ይዞ የመጣውን ሰው መስማት ጀመረ፤ ወደ 16ኛው ክፍለ ዘመን ሲገባ ሌሎቹም የንጉሡ ፍርድ ቤቶች ሰሙት። በአንዱ አገር በሩ ገርበብ አለ፤ በሌላው በ1518 ተዘጋ።

አያቱ ያቃጠለውን መዝገብ ግልባጭ የልጅ ልጁ ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ያስቀምጠው ነበር።

ሚዛን (ቅዳሜ፣ ቀን 7፡25)

ቆንጆ ነው፤ ግን አልተሸነፍኩም። ፍርድ ቤቱ ለምን ሰማው? ጌታው ብዙ ስላልተቃወመ ነው። ለምን አልተቃወመም? የእንግሊዝ ጌታ ዋና ሀብት ሱፍ ስለሆነ። መቶ በግ የሚጠብቀው አንድ እረኛ ነው፤ መቶ ጋሻ ስንዴ የሚያጭደው ስንት ሰው ነው? የፖላንዱ ጌታ ሰው ያስፈልገዋል፤ የእንግሊዙ ሣር ያስፈልገዋል። ስለዚህ ያኛው አሰረ፤ ይኸኛው ለቀቀ። አንዳንዱማ ከመልቀቅ አልፎ አባረረ፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ማሳው ታጥሮ በግ የገባበት፣ ቤቱ የፈረሰበት መንደር ብዙ ነው። ከቪሌይንነት ነጻ መውጣትና ከቤት መውጣት አንዳንዴ አንድ ቀን ላይ ይውላሉ።

ወለላ (ቅዳሜ፣ ቀን 8፡40)

ይህኛው ክርክርህ ከመጀመሪያው ይሻላል። ግን ከሐሙስ ጀምሮ «ዋጋ» ስትል ቆይተህ አሁን «ሰው ያስፈልገዋል፣ አያስፈልገውም» ወደሚል ዞረሃል። የሰው ማነስ ሁሉንም ነጻ ያወጣል ያልከው የት ሄደ?

ሚዛን (ቅዳሜ፣ ቀን 8፡55)

ከጋሼ ብራና ወፍጮ ሥር ተቀብሯል። አምኛለሁ።

እንግዳ (እሑድ፣ ቀን 9፡30)

ከቤተ ክርስቲያን መልስ አነበብኳችሁ። ሩሲያን ረሳችኋት። የሩሲያ ገበሬ ጌታውን መልቀቅ የሚችለው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን ብቻ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ፤ ቀኑ ግን በኖቬምበር ነው ይላሉ። ጊዮርጊስ ሚያዝያ 23 አይደለም እንዴ?

ባልቲክ (እሑድ፣ ምሽት 1፡15)

የሚያዝያውንም ያከብራሉ። የኖቬምበር 26ቱ ግን ሌላ ነው፤ ኪየቭ ውስጥ በጠቢቡ ያሮስላቭ ዘመን የተሠራው የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ቤቱ የተከበረበት መታሰቢያ ነው። ለገበሬው የተመቸው አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ስለሚውል ነው። በ1497 ኢቫን ሦስተኛ ባወጣው ሕግ ከዚያ ቀን በፊት ባለው አንድ ሳምንትና በኋላ ባለው አንድ ሳምንት፣ የቤት ኪራዩን ከፍሎ መሄድ ይችላል ተባለ። በዓመት ሁለት ሳምንት! በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እሷም ታገደች፤ በ1649 ለዘለቄታው ተዘጋች። ሩሲያውያን ዛሬም የጠበቁት ነገር ድንገት ሲቀርባቸው «ይኸውልሽ አያቴ፣ የዩሪ ቀንሽ!» ይላሉ፤ ዩሪ ጊዮርጊስ ነው።

ብራና (እሑድ፣ ምሽት 2፡00)

ለመምህሩ አንድ ልጨምርና ላብቃ፤ ነገሩ እንግሊዝ ብቻ እንዳይመስል። ካታሎኒያ ውስጥ ሬሜንሳ የሚባሉ ገበሬዎች ነበሩ፤ ስሙ ራሱ «ቤዛ» ማለት ነው፤ መሬቱን ለመልቀቅ ራሳቸውን መቤዠት ነበረባቸው። ሁለት ጊዜ ጦር አንስተው ተዋጉ። በ1486 ንጉሥ ፈርዲናንድ ጓዳሉፔ ላይ ፈረደ፦ ክፉዎቹ ልማዶች ይቅሩ፤ ግን ገበሬው ለእያንዳንዱ እርሻ ለጌታው 60 ሶልዶስ የሚባል ገንዘብ ይክፈል። እዚያም ንጉሥ በሁለቱ መካከል ዳኛ ሆኖ ቆመ። በነጻ አይደለም፤ ንጉሥ በነጻ የሚሠራው ነገር የለም።

ጠመኔ (ማክሰኞ፣ ምሽት 1፡45)

ከክፍል ወጣሁ። ያላችሁትን ሁሉ፣ የወፍጮውን ድንጋይ ጭምር፣ በአርባ ደቂቃ ነገርኳቸው። የወፍጮው ጊዜ ክፍሉ ጸጥ አለ። የ1518ቱን ስነግራቸው አንዱ ልጅ «እሰይ፣ ዘጋው!» ብሎ ሁሉን አሳቃቸው።

ችግር የገጠመኝ ያንን የእንግሊዝ ይዞታ በአማርኛ ስጠራ ነው። ጋሼ ብራና ቃል ሲላላ ያማቸዋልና ፈራሁ። ሰሌዳው ላይ «የግልባጭ ይዞታ» ብዬ ጻፍኩ። ይሄዳል?

ብራና (ማክሰኞ፣ ምሽት 2፡30)

ይሄዳል። ገበሬውንም «ባለ ግልባጭ» በለው። ልጅቷስ ምን አለች?

ጠመኔ (ማክሰኞ፣ ምሽት 2፡50)

እጇን አወጣች። «ግልባጩ ገበሬው ጋር ከሆነ፣ ዋናው ማን ጋር ነበር?»

ጌታው ጋር አልኳት። ደወሉ ገና አምስት ደቂቃ ይቀረው ነበር።